ዘፈናችንን በየትኛው ቋንቋ እንላከው?

(በዲላ በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምንነጋገርበት ጉዳይ ላይ ላዩን ለሚያየው ሰው የጨዋታ ነገር ይመስላል፤ ስለ ዘፈን ነውና። «ፈተና በደረሰበት ወር ስለ ዘፈን ስብሰባ መጥራት ምን ይባላል?» የሚል እንደሚኖርም እናውቃለን። ነገር ግን ጥቂት ብትታገሡን፣ ነገሩ ከዘፈን አልፎ የሚሄድ መሆኑን ለማስረዳት እንሞክራለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከማኅበራችን አባሎች ሁለቱ፣ አንዷ የይርጋጨፌ ልጅ፣ ሌላው ከጎጃም ለትምህርት የመጣ፣ በጥንድ የሚዘፈን አንድ ዘፈን ደርሰዋል። እሷ በጌዴኡፋ ትጀምራለች፤ እሱ በአማርኛ ይቀበላል፤ በመጨረሻ ሁለቱ ድምፆች ይገናኛሉ። የዘፈኑ ነገር የቡና ለቀማ ወራት ነው። ይህን ዘፈን በውጭ አገር ወደሚደረግ የዘፈን ውድድር ለመላክ አስበው፣ የመቅረጫውን ወጪ ማኅበሩ እንዲረዳቸው ጠየቁ። በኮሚቴው ውስጥ ሐሳብ ተከፈለ። ገሚሱ «እንርዳቸው» አለ። ገሚሱ ግን «የምንረዳው ዘፈኑ ወደ እንግሊዝኛ ከተመለሰ ብቻ ነው። ጌዴኡፋን ማን ይሰማዋል? አማርኛንስ ቢሆን ባሕር ማዶ ማን ያውቀዋል?» የሚል ሁኔታ አስገባ። ልጆቹም ግራ ገብቷቸው፣ የእንግሊዝኛ ግጥም አስጽፈው ማጥናት ጀምረዋል። እንግዲህ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ነገሩን ከሥሩ ልንመረምረው ይገባል ብለን ነው በፊታችሁ የቆምነው።

በመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ወገኖችን ሐሳብ በሚገባው ክብር እናንሣ፤ ሐሳባቸው ከንቱ አይደለምና። ከዓለም የዘፈን ውድድሮች ሁሉ ስሙ የገነነው የአውሮፓ የዘፈን ውድድር፣ ማለት ዩሮቪዥን ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. በስዊስ አገር በሉጋኖ ከተማ በሰባት አገሮች ተጀመረ። ከ1966 ጀምሮ እያንዳንዱ አገር በገዛ ቋንቋው እንዲዘፍን ደንብ ተደረገ። ደንቡ በ1973 ላላ፣ በ1977 ተመለሰ፣ በ1999 ደግሞ ፈጽሞ ተነሣ። ደንቡ በላላበት ጊዜ፣ በ1974፣ ከስዊድን የመጡት አባዎች በእንግሊዝኛ ዘፍነው አሸነፉና ስማቸው በዓለም ተሰማ። ደንቡ ከተነሣበት ከ1999 እስከ 2019 በተደረጉት ሃያ አንድ ውድድሮች ውስጥ ደግሞ፣ እንግሊዝኛ ጨርሶ ሳይገባበት ያሸነፈ ዘፈን ሁለት ብቻ ነው፤ የ2007ቱ የሰርቢያ ዘፈንና የ2017ቱ የፖርቱጋል ዘፈን። ይህ ሐሰት ነው ልንል አንችልም። እንግሊዝኛ ሰፊ በር መሆኑን እናምናለን።

ነገር ግን በሩ ሰፊ ስለ ሆነ ብዙ ሰው የሚገባበት በዚያው ነው። ብዙ ሰው በሚገባበት በር የገባውን እንግዳ ማን ልብ ይለዋል? ይህን ጥያቄ ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ራሳችን ወገን እንምጣ። አገራችን በዩሮቪዥን ተወዳድራ አታውቅም፤ ውድድሩ የአውሮፓ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማኅበር አባሎች ነውና። ከአፍሪካ አገሮች የገባች ሞሮኮ ብቻ ናት፤ እሷም አንድ ጊዜ፣ በ1980 በሔግ ከተማ፣ ሳሚራ ቤንሰዒድ በዓረብኛ ዘፍና በሰባት ነጥብ ተመለሰች። ይሁን እንጂ የአማርኛ ቃል ወደዚያ መድረክ ደጃፍ ደርሶ ነበር። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል፤ ፍጻሜውን ግን ሁሉም አያውቀውምና እንናገረው።

ኤደን አለነ ከኢትዮጵያ ከሄዱ ወላጆች በ2000 በኢየሩሳሌም የተወለደች ዘፋኝ ናት። በ2018 የእስራኤልን «ኤክስ ፋክተር» አሸነፈች። በ2020 መጀመሪያ ደግሞ አገሪቱን ወክሎ ወደ ዩሮቪዥን የሚሄደውን ሰው ለመምረጥ የተደረገውን ውድድር አሸንፋ፣ ከቤተ እስራኤል ወገን ለዚያ መድረክ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሆነች። የተመረጠላት ዘፈን «ፍቅር ልቤ» ይባላል። ዶሮን መዳሊና ኢዳን ራይክል የደረሱት ሲሆን፣ በውስጡ እንግሊዝኛ፣ ዕብራይስጥ፣ ዓረብኛና አማርኛ ገብቶበታል። አርእስቱ ግን የኛው ነው። እናት በጓዳ ልጇን የምትጠራበት ቃል በአውሮፓ የዘፈን መዝገብ ላይ ተጻፈ ማለት ነው።

ይህ በሆነ በጥቂት ቀን፣ መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ማርች 18 ቀን 2020፣ በኮሮና በሽታ ምክንያት ውድድሩ ተሰረዘ። በማግሥቱ ዓመት ውድድሩ በሮተርዳም እንዲደረግ ሲወሰን፣ የ2020 ዘፈኖች እንዳይመለሱ ተከለከለ። ስለዚህ ኤደን አለነ ተመለሰች፤ «ፍቅር ልቤ» ግን አልተመለሰም። ግንቦት 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በሮተርዳም መድረክ ላይ ቆማ የዘፈነችው ሌላ ዘፈን፣ አብዛኛው በእንግሊዝኛ የሆነ ነበር። ድምፅዋ እጅግ ከፍ ያለ ጫፍ የነካበት፣ ችሎታዋ የታየበት ዘፈን ነው። በ93 ነጥብ አሥራ ሰባተኛ ወጣች።

በዚያችው ሌሊት አንደኛ የወጣው ማን ነበር? በጣልያንኛ የዘፈነው የጣልያን ቡድን፣ በ524 ነጥብ። ሁለተኛውስ? በፈረንሳይኛ የዘፈነችው የፈረንሳይ ሴት፣ በ499 ነጥብ። ሦስተኛውስ? እንደዚሁ በፈረንሳይኛ የዘፈነው የስዊስ ልጅ፣ በ432 ነጥብ። እንግሊዝኛ ሰፊ በር በሆነበት ቤት፣ በዚያች ሌሊት ሦስቱ የክብር ወንበሮች በሌላ ቋንቋ ለዘፈኑ ተሰጡ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ዩክሬኖች በዩክሬንኛ ዘፍነው በቱሪን ከተማ በ631 ነጥብ አሸነፉ።

ኤደን በአማርኛ ብትዘፍን ኖሮ ታሸንፍ ነበር አንልም። ይህ ሊታወቅ የማይችል ነገር ነው፤ በማይታወቅ ነገር ላይ ክርክር መሥራት ለተማሪ አይገባውም። በገዛ ቋንቋ የዘፈነ ሁሉ አያሸንፍም። በኬንያ ተወልዳ በኖርዌይ ያደገችው ስቴላ ምዋንጊ በ2011 «ሀባ ሀባ» የሚል የስዋሂሊ አርእስት ያለው ዘፈን ይዛ ለኖርዌይ ቀረበች፤ ከግማሽ ፍጻሜው ሳታልፍ ቀረች። ደግሞም ከ2023 እስከ 2025 ያሸነፉት ሦስቱም ዘፈኖች በእንግሊዝኛ ናቸው። እንግዲህ «በቋንቋችን ከዘፈንን እናሸንፋለን» የሚል ሰው ካለ፣ እኛ ከሱ ጋር አይደለንም።

ነገሩ ሌላ ነው። በውድድር ከሚገቡት ሁሉ የሚያሸንፈው አንድ ነው፤ የቀሩት ሁሉ ይሸነፋሉ። ስለዚህ ብልህ ሰው ወደ ውድድር ከመግባቱ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው «ባሸንፍ ምን አገኛለሁ?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ «ብሸነፍ ምን ይተርፈኛል?» ብሎም ነው። «ሀባ ሀባ» ቢሸነፍም፣ ከዚያ በኋላ ትርጉሙ «ጥቂት በጥቂት» መሆኑን የተማረ የአውሮፓ ሰው አለ። እኛ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምንለው ነው። «ፍቅር ልቤ» መድረክ ላይ ሳይወጣ ቢቀርም፣ አርእስቱን በአፉ ለማለት የሞከረ ሰው አማርኛ የሚባል ቋንቋ መኖሩን አውቋል። በተውሶ ልብስ ሠርግ የሄደ ሰው ግን፣ ልብሱን መልሶ ወደ ቤቱ ሲገባ እንደ ወጣው ነው የሚገባው።

አሁን ስለ ጥንድ ዘፈን ጥቂት እንበል፤ ልጆቻችን ሁለት ናቸውና። በዚያ ውድድር በጥንድ ዘፍነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፉት ዴንማርኮቹ ባልና ሚስት፣ ግሬተና ዮርገን ኢንግማን ናቸው፤ ዘመኑ 1963፣ ስፍራው ለንደን። እሷ ትዘፍናለች፣ እሱ ጊታር ይመታል። ቋንቋቸው ዴንማርክኛ ነበር። በ1994 በደብሊን ሁለት አየርላንዳውያን፣ ፖል ሐሪንግተንና ቻርሊ መጌቲጋን፣ ያን ሁሉ የሙዚቃ ጓድ ትተው በአንድ ፒያኖና በአንድ ጊታር ብቻ ዘፍነው በ226 ነጥብ አሸነፉ። በ2000 ዴንማርኮቹ ወንድማማቾች ኦልሰኖች በስቶክሆልም ድል አደረጉ። በ2011 የአዘርባጃኖቹ ኤልና ኒኪ ተከተሉ። ከእነዚህ ውስጥ በእንግሊዝኛ የዘፈኑ አሉ፤ አልደበቅንም። ከሁሉም የምንማረው አንድ ነገር ግን አለ፤ ሁለት ሰው አንዱ ሌላውን እየሰማ ሲዘፍን፣ ብዙ መሣሪያና ብዙ መብራት የግድ አያስፈልገውም። ገንዘብ ለሌለው የተማሪ ማኅበር ይህ የምሥራች ነው።

ለኛ ጉዳይ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ያላሸነፈው ነው። በ2009 በሞስኮ ሁለት ሴቶች፣ ኖዓ የምትባለው አሂኖዓም ኒኒና ሚራ አዋድ፣ አንዷ አይሁዳዊት ሌላዋ ዓረብ፣ ለእስራኤል በጥንድ ቀረቡ። በዕብራይስጥ፣ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ ዘፈኑ። በ53 ነጥብ አሥራ ስድስተኛ ወጡ። ገና ሳይሄዱ ከሁለቱም ወገን ብዙ ወቀሳ ደርሶባቸው ነበር። ዘፈኑ ጦርነት አላስቀረም፤ አንድ ዘፈን ይህን ያደርጋል ብሎ የሚጠብቅም የለም። ነገር ግን በአንድ መድረክ ላይ አንዱ ቋንቋ ሲጀምር ሌላው ሲቀበል ማየት ራሱ ነገር ነው። የኛም ልጆች ያደረጉት ይህንኑ አይደለምን? በአንድ ጣሪያ ሥር የምንማር የብዙ ብሔረሰብ ልጆች ነን። የይርጋጨፌዋ ልጅ አማርኛ ታውቃለች። የጎጃሙ ልጅ ግን ለዚህ ዘፈን ሲል ጌዴኡፋ መማር ጀመረ። ዘፈኑ ወደ እንግሊዝኛ ቢመለስ ሁለቱም ከየቤታቸው ይወጣሉ፤ አንዱ የሌላውን ቤት የሚያንኳኳበት ምክንያት ይጠፋል።

ስለ ትንሽ ቋንቋ የሚናገሩትም አሉ። «አማርኛ እንኳ ይሁን፤ ጌዴኡፋ ግን ከዞኑ አልፎ የሚያውቀው የለም» ይላሉ። ለዚህ መልሱ የ2016 ውድድር ነው። ጀማላ የምትባለው ዘፋኝ ለዩክሬን በስቶክሆልም ቀርባ፣ የቅድመ አያቷ ወገኖች በ1944 ከክሪምያ ስለ ተጋዙበት መከራ ዘፈነች። ስንኙ በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ አዝማቹን ያዜመችው በክሪምያ ታታርኛ ነው፤ ተናጋሪው ጥቂት በሆነ፣ እንዳይጠፋ በሚያሰጋ ቋንቋ። በ534 ነጥብ አንደኛ ወጣች። ቃሉን የተረዳው ሰው ጥቂት ነበር፤ ሐዘኑን ያልሰማ ግን አልነበረም። የኛንም አገር ብንመለከት፣ የማሕሙድ አሕመድ «እረ መላ መላ» በ1986 በብራስልስ በሸክላ ሲታተም አማርኛው አልተተረጎመም። ማሕሙድ በ2007 የቢቢሲን የዓለም ሙዚቃ ሽልማት በአፍሪካ ዘርፍ ሲቀበልም በአማርኛ የሚዘፍን ዘፋኝ ሆኖ ነው።

ውድ ጓደኞቻችን፤ እስከ አሁን የጠቀስነው ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው። ማስረጃው ግን በደጃችን አለ። ከዚህ ከዲላ ተነሥታችሁ በሞያሌ መንገድ ወናጎን አልፋችሁ ይርጋጨፌ ድረስ ሂዱ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ በመካከሉም ቡና ታያላችሁ። አንዱ ለሌላው ጥላ ሆኖ፣ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋው አብሮ ያድጋል። ይህ የጌዴኦ ገበሬ እውቀት ነው፤ በ2023 ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ስለዚህና እንደ ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ ስላሉት ትክል ድንጋዮች ነው። ገበሬው ይህን ቅርስ ያቆየው የሌላውን እርሻ ቀድቶ ሳይሆን የአባቶቹን ይዞ ነው።

ስለ ቡናውም እናስብ። ቡና በዓለም ገበያ ብዙ ነው። ስም የሌለው ቡና ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይሸጣል፤ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም። «ይርጋጨፌ» የሚለው ስም ያለበት ግን ተለይቶ ይፈለጋል። መንግሥታችን በ2005 የይርጋጨፌን፣ የሲዳሞንና የሐረርን ስም በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ሲያመለክት፣ ተቃውሞ ገጥሞት ብዙ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ በ2007 ስታርባክስ ከኢትዮጵያ ጋር ተስማምቶ ፈረመ። ያ ሁሉ ክርክር ስለ ምን ነበር? ስለ ስም ነው። የስሙ ባለቤት መሆን ገንዘብ እንደ ሆነ ያወቁ ሰዎች ናቸው የተከራከሩት። በሲያትል ያለ ቡና ጠጪ «ይርጋጨፌ» የሚለውን ቃል አጣሞ ቢጠራውም፣ ስሙ ይለወጥልኝ አላለም። እንግዲህ ለቡናችን ስም ይህን ያህል ከተከራከርን፣ የቡናውን ዘፈን ስሙንና ቋንቋውን አስጥለን፣ ከሌላው ጋር አደባልቀን የምንልከው ለምንድን ነው? በፊት ያዙልን ያልነው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። በሰፊው በር ብዙ ሆኖ የገባ እንግዳ፣ ስሙን ካልያዘ የሚያስታውሰው የለም።

አንድ የዓይናችንን ነገር ደግሞ እንጨምር። ባለፈው ሳምንት ልጆቹ በማኅበሩ ክፍል ዘፈኑን በሁለቱም መንገድ ሲለማመዱ ነበርን። በእንግሊዝኛ ሲዘፍኑ ሁላችን በጸጥታ ሰማን፤ ስናበቃም አጨበጨብን። በጌዴኡፋና በአማርኛ ሲደግሙት ግን፣ ሻይ ያመጡልን እናት ትሪውን እንደ ያዙ በር ላይ ቀሩ። አዝማቹ ሲደርስ በቀስታ ተቀበሉ። ሲያበቃም «እዚህች ላይ ቃሉ እንዲህ አይባልም» ብለው አንዲት ቃል አረሙላቸው። ልጅቱ ደንግጣ ወዲያው አስተካከለችው። እንግሊዝኛውን ግን ያረመልን ማንም አልነበረም። ስሕተት ስለሌለበት እንዳይመስላችሁ፤ በመካከላችን ባለቤት ስላልነበረው ነው። ባለቤት ያለው ቋንቋ ስሕተቱን የሚነግር ሰው አያጣም።

ስለዚህ በበኩላችን ለጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ማኅበሩ የመቅረጫውን ወጪ እንዲረዳ፤ ዘፈኑ ወደ እንግሊዝኛ ይመለስ የሚለውም ሁኔታ እንዲነሣ።

ሁለተኛ፣ ዘፈኑ እንዳለ ይሂድ ስንል እንዳሻው ይሂድ ማለታችን አይደለም። በዩሮቪዥን ደንብ ዘፈን ከሦስት ደቂቃ አያልፍም፣ በመድረክም ላይ ከስድስት ሰው በላይ አይቆምም። የልጆቻችን ዘፈን አሁን አምስት ደቂቃ ተኩል ነው። መግቢያው ረዝሟል፤ አማርኛውም ሁለት ቦታ ላይ አንዱን ነገር ይደግመዋል። ቋንቋን መውደድ ሥራን ለማላላት ምክንያት ሊሆን አይገባም። በገዛ ቋንቋው የሚዘፍን ሰው እንዲያውም ከሌላው አብልጦ መሥራት አለበት፤ ሰሚው ቃሉን ስለማይረዳ፣ ዜማውና ድምፁ የቃሉን ሥራ ጨምረው መሥራት ይኖርባቸዋል።

ሦስተኛ፣ እንግሊዝኛን አንጥላው፤ የሚገባውን ሥራ እንስጠው። የዘፈኑ ቃል በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ከዘፈኑ ጋር በወረቀት ይላክ። የቋንቋ ክፍል መምህራኖቻችን በዚህ እንዲረዱን እንለምናለን። እንግሊዝኛ አስተርጓሚ ይሁን እንጂ ባለቤት አይሁን።

አራተኛ፣ ከዜማው ውስጥ ከሕዝቡ የተወሰደ ክፍል ካለ፣ ከጌዴኦ ሕዝብ የተወሰደ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ። የጌዴኡፋው ቃልም ቋንቋውን በሚያውቁ አዛውንቶች ይታይ። ትሪ ይዘው በር ላይ የቆሙትም እናት፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ ምስጋናው ይድረሳቸው።

ክቡራን መምህራን፤ ውድ ጓደኞች፤ ይህ ዘፈን ያሸንፍ ይሆናል፤ ላያሸንፍም ይችላል። ሳያሸንፍ ቢቀር «ነግረናችሁ ነበር» የሚለን ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ለዚያ ሰው ከአሁኑ መልሳችንን እናስቀምጥ። በውድድሩ ዳኞች ክፍል ውስጥ፣ ጌዴኡፋ የሚባል ቋንቋ መኖሩን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ለሦስት ደቂቃ ያዳምጠዋል። ልጅቱም ወደ ይርጋጨፌ ስትመለስ ለእናቷ «የላክሁት ዘፈን ይህ ነው» ብላ ልታሰማት፣ እናቷም ልትሰማው ትችላለች። በእንግሊዝኛ ልከን ብናሸንፍ እንኳ ይህን ሁለተኛውን አናገኘውም።

የምትሰጡት ድምፅ ስለ ሁለት ልጆች የመቅረጫ ገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ተረድታችሁ፣ በቅን ልብ እንድትወስኑ አደራ እንላለን።